ሁለተኛው ጥይት፦ የሚሮጥ ዒላማ፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃና የላስታ ተዳፋት

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሳል። ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ የጀመረው ውኃ እየሰፋና ሸለቆውን እየጠረበ ይሄዳል። የሰሜንን ተራሮች ዞሮ ወደ ምዕራቡ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ስሙ ይለወጥና ሰቲት ይባላል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ይህ የታችኛው አገር የዝሆን፣ የአውራሪስ፣ የጎሽና የአንበሳ መኖሪያ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 የዓባይን ገባሮች እየተከታተለ ሲጓዝ ሰቲት ዳር ሰፍሮ ከሃምራን ዐረቦች ጋር አድኗል። ያየውንም በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ በዝርዝር ጽፎታል።

በዚያ ወንዝ ዳር ሁለት የአደን ጥበቦች ጎን ለጎን ቆሙ። የሃምራን አዳኞች መሣሪያ ፈረስና ሰይፍ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን ያስቆጣና ከፊት ከፊቱ እየሸሸ ይስበዋል፤ ሌላው ከኋላ እየጋለበ ይደርስበታል፤ ከፈረሱ ዘሎ ይወርድና ሰይፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ቋንጃውን ይቆርጠዋል። ቤከር ደግሞ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ይዞ ነበር፤ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ከተሸካሚው እጅ ይቀበላል። ዘመኑ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዝ በኩል እየተጠቀጠቀ የሚጎረስበት ስለነበር አንዴ የተኮሰ ሰው እንደገና እስኪያጎርስ ድረስ ባዶ እጁን እንደቆመ ይቆጠራል። የቆሰለ ጎሽ ያንን ያህል አይታገስም። ሁለተኛው አፈሙዝ የተፈጠረው ለዚህች ጭንቅ ሰዓት ነው።

ሃምራኖቹ ርቀትን በድፍረት አጠፉት፤ ሰይፉ ከሥጋው ጋር የሚገናኝበት ቅጽበትና የእጃቸው እንቅስቃሴ አንድ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን ርቀቱን አብሮ ይሸከማል። ርቀት ሲኖር ጊዜ ይኖራል፤ ጊዜ ሲኖር ደግሞ እንስሳው ተኳሹ ካየበት ቦታ ላይ የለም። በዚህ ምዕራፍ የማስረዳው ይህንን ጊዜ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አቋሜን ልናገር። ሕጋዊ አዳኝ የመጀመሪያ ጥይቱን መተኮስ ያለበት በቆመ እንስሳ ላይ ነው። በሚሮጥ ዒላማ ላይ የሚደረገው ልምምድ ሁሉ የሚያገለግለው ለሁለተኛው ጥይት፣ ማለትም የመጀመሪያው አቁስሎ የተወውን ለመጨረስ ነው። ይህን ሳይለማመድ ወደ አደን የሚወጣ ሰው የእንስሳውን ሥቃይ ለአጋጣሚ ትቶታል።

ጥይቱና ሰውየው የሚበሉት ጊዜ

ስሌቱ ቀላል ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል። በአውሮፓ ለባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በብዛት የሚመረጠው 9.3 በ74 አር የሚባለው ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 700 ሜትር ይጓዛል። አየር እየያዘው ስለሚሄድ እስከ 100 ሜትር ድረስ አማካይ ፍጥነቱ ወደ 660 ሜትር ይወርዳል። 100 ሜትርን ለማቋረጥ 0.15 ሰከንድ፣ 50 ሜትርን ለማቋረጥ ደግሞ 0.075 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ለጎሽና ለዝሆን የሚያዘው ትልቁ 470 ናይትሮ ኤክስፕረስ ትንሽ ዘገም ይላል፤ 50 ሜትር ላይ ለመድረስ 0.08 ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

አሁን ከርከሮ በሰከንድ 10 ሜትር እየሮጠ ከግራ ወደ ቀኝ ያቋርጣል እንበል። ሲደነግጥ ከዚህም ሊፈጥን ይችላል። ጥይቱ 50 ሜትር እስኪደርስ ከርከሮው 75 ሳንቲ ሜትር ተራምዷል። ስለዚህ ልቡ ላይ ያነጣጠረ ተኳሽ የኋላ እግሮቹን ወይም ሆዱን ይመታል። በ100 ሜትር ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ በዚህ ርቀት የሚስት ሰው እንስሳውን ሙሉ በሙሉ ይስተዋል፤ ይህም ከማቁሰል የተሻለ ዕድል ነው። እንስሳው ቀጥታ ሳያቋርጥ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ የሚሸሽ ከሆነ 75 ሳንቲ ሜትር የነበረው ወደ 50 ገደማ ይቀንሳል። በቀጥታ ወደ ተኳሹ ወይም ከተኳሹ የሚሮጥ ከሆነ ወደ ጎን መቅደም አያስፈልግም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጥይቱ ጊዜ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የማያስቡት ሌላ ጊዜ አለ፤ የራሳቸው። ዓይን «አሁን» ብሎ ካየበት ቅጽበት ጣት ቃታውን እስኪስብ ድረስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ያ ከርከሮ በዚህች ጊዜ ውስጥ ሁለት ሜትር ሄዷል። ጥይቱ ከሚፈጀው ከሁለት እጥፍ በላይ የሚሆነው ስህተት ከሰውየው ይመጣል ማለት ነው። ጠመንጃውን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ እንስሳው እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሰው 75 ሳንቲ ሜትሩንም፣ ሁለት ሜትሩንም አስልቶ አስቀድሞ መተኮስ አለበት። ይህን በግምት ማድረግ የሚችል ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

መፍትሔው አፈሙዙን ከእንስሳው ጋር እኩል ማስኬድ ነው። አፈሙዙ ከእንስሳው ፊት 75 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ፣ በእንስሳው ፍጥነት እየሄደ እያለ ቃታው ከተሳበ፣ ጣት ዘገየም አልዘገየም አፈሙዙ ቦታውን አይለቅም። የሰውየው መዘግየት ከሒሳቡ ይወጣል፤ የሚቀረው የጥይቱ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ያረጁ አዳኞች ለጀማሪ ከሁሉ በፊት «አፈሙዙን አታቁም» የሚሉት። ጥይቱ ከወጣ በኋላም እንኳ ለቅጽበት መቀጠል አለበት፤ ቃታ ሲስብ የሚያቆም እጅ ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ነው የሚያቆመው።

እዚህ ላይ ሰፊ አለመግባባት አለ። አንዳንዱ ሰው አፈሙዙ ወደ ጎን ስለሚንቀሳቀስ ጥይቱም ያንን እንቅስቃሴ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ መቅደም አያስፈልግም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከየት እንደሚመጣ ለላስታ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። በገናና በጥምቀት ሰሞን በደጋው ሜዳ ላይ ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ሰው አሳዳጁ በሙሉ ግልቢያ ዘንጉን ወደ ሸሺው ሲወረውር፣ ሸሺውም በጋሻው ሲመክት ተመልክቷል። በጉግስ ዘንጉ የፈረሱን ፍጥነት እውነት ተሸክሞ ይሄዳል። አሳዳጅና ተሳዳጅ አብረው ስለሚሮጡ በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት ትንሽ ነው፤ ወርዋሪው ቀጥታ ጀርባውን አልሞ ይወረውራል። የቆመ ተኳሽ ግን በፈረስ ላይ አይደለም። በ50 ሜትር ርቀት በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጠውን ለመከተል አፈሙዙ ወደ ጎን የሚንቀሳቀሰው በሰከንድ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥይቱ ከዚህ የሚያገኘው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን 75። አፈሙዙን ማስኬድ የሰውየውን መዘግየት ያስወግዳል እንጂ መቅደምን አይተካም። ጉግስን ግን አልንቅም። ዓይን በሚሮጥ ነገር ላይ ተክሎ፣ ሰውነትን ሳያደናግጡ፣ እጅን በሰዓቱ መልቀቅ ምን እንደሆነ የደጋው ልጅ የሚማረው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ ይህ የዓይንና የልብ ትምህርት ለጠመንጃም ያገለግላል።

ጥንድ አፈሙዞቹ እንዴት ይስማማሉ

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃን ከሌላው የሚለየው ሁለተኛው ጥይት ምንም ሳይነካ ዝግጁ መሆኑ ነው። መቀርቀሪያ መጎተት የለም፤ ቀለህ መትፋት የለም። ጎን ለጎን በተሠራው ዓይነት ሁለት ቃታዎች አሉት፤ የፊተኛው የቀኙን አፈሙዝ፣ የኋለኛው የግራውን ይተኩሳል። ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚፈጅበት ጊዜ ለዓይን አይታይም። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፣ ዌስትሊ ሪቻርድስና ሪግቢ በእንግሊዝ፣ ሃይም፣ መርክልና ክሪግሆፍ በጀርመን ስማቸው የገነነው በዚህ ሥራ ነው።

አሠራሩ ግን ከሚታየው በላይ አስቸጋሪ ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ትይዩ አይደሉም። የቀኙ አፈሙዝ ከጠመንጃው መሃል በስተቀኝ ስለሚገኝ ሲተኮስ ጠመንጃውን ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ይህም ጥይቱ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ይጀምራል። የግራውም በተቃራኒው እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ሠሪው ሁለቱን አፈሙዞች ትንሽ ወደ ውስጥ አጋድሎ ያገጣጥማቸዋል። ከዚያ ይተኩሳል፤ ያያል፤ ብየዳውን አሙቆ በአፈሙዞቹ መካከል ያለውን ሽብልቅ ያንቀሳቅሳል፤ እንደገና ይተኩሳል። ሁለቱ ጥይቶች በተወሰነ ርቀት፣ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሜትር ባለው ውስጥ፣ አንድ ቦታ እስኪያርፉ ድረስ ይህን ይደጋግማል። ይህ ስምምነት የሚጸናው ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው። የእርሳሱ ክብደት ወይም ፍጥነቱ ከተለወጠ የጠመንጃው ርግጫም ይለወጣል፤ ሁለቱም አፈሙዞች የየራሳቸውን መንገድ ይይዛሉ።

መነጽር ሲጨመርበት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መነጽሩና ማሰሪያው ግማሽ ኪሎ ያህል ክብደት በአፈሙዞቹ አናት ላይ ይጭናሉ፤ ይህም የጠመንጃውን አነሳስ ስለሚቀይር የሁለቱን አፈሙዞች ስምምነት ሊያዛባ ይችላል። መነጽር የሚታሰርበት ጠመንጃ ከመነጽሩ ጋር ሆኖ መፈተሽ አለበት፤ ያለ መነጽር አብረው የሚመቱት አፈሙዞች ከመነጽር ጋርም ይመታሉ ብሎ መገመት ሞኝነት ነው። ፈተናው እንዲህ ነው። በደንብ ተደግፎ ተቀምጦ በ50 ሜትር ቀኝ፣ ግራ ይተኮሳል፤ ጠመንጃው ተከፍቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ከዚያ እንደገና ቀኝ፣ ግራ። አፈሙዞቹ አንድ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ አንዱ ሲግል ሌላውን ይጎትተዋል፤ ሳያቀዘቅዙ አሥር ጥይት ያከታተለ ሰው የሚለካው ሙቀቱን ነው። አዳኝ በዱር ውስጥ ከሁለት ጥይት በላይ በአንድ ትንፋሽ አይተኩስምና ፈተናውም ይህንኑ መምሰል አለበት።

ለሚሮጥ ዒላማ የመነጽሩ የማጉላት ኃይል አነስተኛ መሆን አለበት። ስድስት ጊዜ የሚያጎላ መነጽር በ50 ሜትር የሚያሳየው ስፋት ሦስት ሜትር ከግማሽ አይሞላም፤ ያ ከርከሮ ይህን በአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያቋርጠዋል። ተኳሹ የሚያየው ጸጉር ብቻ ነው፤ የት እንደሚሄድ፣ ከፊቱ ምን እንዳለ፣ ከኋላው ሰው ይኑር አይኑር አያይም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማለትም ሳያጎላ የሚያሳይ መነጽር በዚያው ርቀት ወደ 18 ሜትር ያህል ይከፍታል። ሁለቱንም ዓይን ገልጦ መተኮስ የሚቻለው በእንዲህ ያለው ነው። በመሃሉ የሚበራ ቀይ ነጥብ ያለው ከሆነ ዓይን ዒላማው ላይ ተክሎ ነጥቡን በጎን ያየዋል፤ ለፈጣን ተኩስ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ሌላው የማይዘነጋ ነገር የዓይን ርቀት ነው። ዓይን ከመነጽሩ ጀርባ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ትልልቆቹ ጠመንጃዎች በኃይል ስለሚራገጡ አንገቱን ወደፊት ያስገባ ተኳሽ ቅንድቡን ይሰነጥቃል። ብዙዎቹ ማሰሪያዎች በቅጽበት የሚፈቱ የሆኑትም ለዚህ ነው፤ የቆሰለ ጎሽ ተከትሎ ጥሻ የሚገባ ሰው መነጽሩን ፈትቶ በጠመንጃው በራሱ ማነጣጠሪያ ብቻ ይገባል።

አጋዘን በሐዲድ ላይ

የሚሮጥ ዒላማ መተኮስ ለረጅም ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ላይ በአጋዘን ቅርጽ የተሠራ ዒላማ በሐዲድ ላይ በ100 ሜትር ርቀት 23 ሜትር ያህል በ4 ሰከንድ ይሮጥ ነበር። ተኳሹ መተኮስ የሚችለው በዚያች ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። ከላይ ባለው ስሌት ይህ ዒላማ በሰከንድ 6 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ይሮጣል፤ ተኳሹም 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ መቅደም ነበረበት። ውድድሩ ሁለት ዓይነት ነበር፤ በአንዱ በእያንዳንዱ ሩጫ አንድ ጥይት፣ በሌላው ሁለት ጥይት ይተኮሳል። ሁለተኛው ዓይነት የባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ልምምድ በራሱ ነው።

በዚህ ውድድር የስዊድኑ ኦስካር ስቫን ታሪክ ሠራ። በ1908 የነጠላ ጥይቱን ወርቅ ሲወስድ 60 ዓመቱ ነበር፤ በ1912 በቡድን ወርቅ ሲያገኝ 64፤ በ1920 በሁለት ጥይቱ ውድድር ከቡድኑ ጋር ብር ሲያገኝ 72። በኦሊምፒክ ሜዳልያ ያገኘ ከእርሱ የሚበልጥ አዛውንት አትሌት እስካሁን የለም። እኔ ከዚህ የምረዳው የሚሮጥ ዒላማ መምታት የወጣት ጡንቻና የፈጣን ጣት ሥራ አለመሆኑን ነው። የስቫን ጣት በ72 ዓመቱ ከ20 ዓመት ልጅ ጣት ሊፈጥን አይችልም ነበር፤ አፈሙዙ ግን አይቆምም ነበር።

የልምምድን ዋጋ ላስታና ዋግ በራሳቸው ታሪክም ያውቁታል። የዋግና የላስታው ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ከዓድዋ አጠገብ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ተዋጉ። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ካሣ ግን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ትቶላቸው የሄደው መሣሪያና እንግሊዛዊው ጆን ኪርካም ያሠለጠነው ሰው ነበራቸው፤ ድሉም የእርሳቸው ሆነ፤ ቀጥለውም አፄ ዮሐንስ ተባሉ። መሣሪያው ብቻውን ያንን ድል እንዳላመጣ አምናለሁ፤ የሠለጠነው እጅ ነው ያመጣው።

ያለ ጥይት የሚጀምር ልምምድ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው በባዶ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው ሁለት ጊዜ ተፈትሾ፣ ጥይቱ ሁሉ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት፣ አፈሙዞቹ ውስጥ የመለማመጃ ቀለህ ገብቶ። ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን መስመር ምረጥ። አፈሙዙን በመስመሩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሳትቸኩል አስኪድ፤ መሃል ላይ ስትደርስ ሳታቆም የፊተኛውን ቃታ፣ ከዚያ የኋለኛውን ሳብ። እንቅስቃሴው ከእጅ ሳይሆን ከወገብ መምጣት አለበት፤ ትከሻ፣ ጉንጭና ሰደፍ አንድ ላይ ይዙራሉ። እጅ ብቻውን ሲገፋ ጉንጩ ከሰደፉ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ መነጽሩ ይጨልማል። በቀኝ ትከሻው ለሚተኩስ ሰው ወደ ቀኝ መዞር ይከብዳል፤ ስለዚህ የልምምዱን ትልቁን ድርሻ ለከባዱ ወገን መስጠት ይገባል። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይህን የሚሠራ ሰው በወር አንድ ጊዜ ውድ ጥይት ከሚያነድ ሰው ቀድሞ ይደርሳል። እኔ የማውቀው ምርጡ ትምህርት ቤት ይህ ግድግዳ ነው።

ቀጥሎ ሜዳ። ተዳፋት ላይ የሚንከባለል አሮጌ ጎማ፣ መሃሉ ላይ ካርቶን የተወጠረበት፣ ጥሩ ዒላማ ነው፤ እየዘለለና እየተንገዳገደ መሄዱ ከእንስሳ ሩጫ ጋር ያመሳስለዋል። ወጥ የሆነ ፍጥነት ሲፈለግ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተወጠረ ሽቦ ላይ በጎማ የሚንሸራተት ሳንቃ በገመድ መጎተት ይቻላል። መጀመሪያ በእርምጃ ፍጥነት፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ከዚያ በሩጫ። በትንሽ ጥይት፣ በዚያው ዓይነት መነጽር መጀመር ርግጫን መፍራት ሥር እንዳይሰድ ያደርጋል።

እኔ ከሁሉ የምመክረው ልምምድ ግን የሚከተለው ነው። በ50 ሜትር ላይ አንድ የቆመ ወረቀት ይተከላል፤ ከጎኑ ጎማው ወይም ሳንቃው ይዘጋጃል። ተኳሹ የመጀመሪያውን ጥይት ተረጋግቶ ወደ ቆመው ወረቀት ይተኩሳል። ከአፈር ግድብ ጀርባ የተሸሸገው ረዳት የጥይቱን ድምፅ ሲሰማ ገመዱን ይጎትታል፤ ዒላማው መሮጥ ይጀምራል። ተኳሹ ሰደፉን ከትከሻው ሳያወርድ ዓይኑን ወደ ሯጩ አሻግሮ፣ ተከትሎ፣ ቀድሞ፣ ሁለተኛውን ይተኩሳል። በእውነተኛው አደን ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። አርሲና ባሌ ውስጥ፣ ሙነሳ ወይም ኦዶቡሉ በመሳሰሉት የአደን ቀበሌዎች የደጋ አጋዘን የሚታደነው ቆሞ ሲገኝ ነው፤ ሩጫው የሚመጣው ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ነው። መሮጥ የጀመረውን ብቻ ለይቶ የሚለማመድ ሰው ከድንጋጤ ወደ ክትትል የሚወስደውን ያንን ሽግግር አልተማረም።

በላስታ ዓይነት አገር የሚለማመድ ሰው ሁለት ነገር መጨመር አለበት። አንደኛው የተዳፋቱ ማዕዘን ነው። ጥይትን ወደ ታች የሚስበው ኃይል የሚሠራው በአግድም ርቀቱ ላይ ነው፤ በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ወይም ዳገት 200 ሜትር የሚርቅ ዒላማ ለጥይቱ ውድቀት 173 ሜትር እንደሚርቅ ይቆጠራል። ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ ርቀቱን እንዳለ ወስዶ የሚያነጣጥር ሰው ከላይ ይስታል። በ50 ሜትር ይህ አያሳስብም። ይልቅ የሚያሳስበው እንስሳው ቁልቁል በሰያፍ ሲወርድ መቅደሙ ወደ ፊትና ወደ ታች መሆን እንዳለበት ነው፤ አፈሙዙን በአግድም ብቻ የሚያስኬድ ተኳሽ ጥይቱን በጀርባው ላይ ያሳልፈዋል። ሁለተኛው አለቱ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉበት አገር አፈሩ ስስ፣ ድንጋዩ ብዙ ነው፤ ድንጋይ የመታ ጥይት ወዴት እንደሚነጥር ማንም አያውቅም። ከዒላማው ጀርባ ወፍራም የአፈር ግድብ ከሌለ አይተኮስም። ዒላማው ስለሚሮጥ ግድቡም የሩጫውን ርዝመት ሁሉ መሸፈን አለበት። ከተኳሹ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች መሬት ላይ ይተከሉ፤ አፈሙዙ ከእነርሱ አያልፍም። የሚሮጥን ነገር የሚከተል ዓይን ሌላውን ሁሉ ይረሳልና ይህን ድንበር የሚያስታውሰው እንጨቱ ነው።

በላስታ የማይተኮስበት

ለአደን የተከለለ ቀበሌ ላስታ ውስጥ የለም። ከላሊበላ በላይ የሚታየው፣ ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የአቡነ ዮሴፍ ጋራ ከዝጊትና ከአቦሆይ ጋራ ጋር ሆኖ የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ነው። በዚያ ጓሳና ጅብራ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፤ ሕጉም አጥብቆ ይጠብቃቸዋል። በአገሪቱ አደን የሚፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት፣ በፈቃድ፣ በተወሰነው ቦታና በተወሰነው እንስሳ ላይ ነው። መሣሪያ መያዝ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመራል። ልምምድ ላይ ያለ ሰው እነዚህን ሁለቱንም አንብቦ፣ ፈቃዱን ይዞ፣ ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቆ ብቻ ነው ጥይት ይዞ ሜዳ የሚወጣው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሕጉ ያልተናነሰ። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላስታ ከገባ ወዲህ በዚያ ደጋ ላይ የጥይት ድምፅ የልምምድ ድምፅ ሆኖ አይሰማም። እናት ልጇን ይዛ ትሸሻለች፤ ሽማግሌ ከመንገድ ይመለሳል። ሰው ገና ከድንጋጤው ባልወጣበት አገር አንድም ጥይት ለልምምድ ሊተኮስ አይገባም። የግድግዳው መስመር፣ ባዶው ጠመንጃና የመለማመጃው ቀለህ ለላስታ ልጅ ይበቃሉ። የቀረውን የተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ባለበት ቦታ ይፈጽመው።

በአፍሪካ ሕጋዊ አደን በሰፊው የተለመደ ደንብ አለ፤ የቆሰለና ያልተገኘ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ አዳኙም ሙሉውን ይከፍላል። ደንቡ ገንዘቡን ያስከፍላል፤ ሥቃዩን ግን አያሳጥርም። ሥቃዩን የሚያሳጥረው ሁለተኛው ጥይት ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ወረቀቱን ከመቀበልህ በፊት በዚህ መለኪያ ራስህን ፈትን፤ በ50 ሜትር፣ በሩጫ ፍጥነት፣ ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ በሚለቀቅ ዒላማ ላይ፣ ከ10 ሩጫ በ8ቱ ሁለተኛው ጥይትህ 25 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ይረፍ። ይህ የማይሆንልህ ከሆነ አደኑን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየውና ወደ ግድግዳው ተመለስ።